«ይዘርግፉት!» የምትለው ሲስተር ጽጌ

በሲስተር ጽጌ ለቅሶ፣ ድንኳን ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው «እንግዲህ ጊዜዋ ደርሶ ነው» አለኝ። ዱላዬን አነሳሁበት። ሰው መሀል ገብቶ ያዘኝ። «ኧረ ጋሽ ታፈሰ፣ በለቅሶ ቤት ነውር ነው!» አሉኝ። ጊዜዋ አልደረሰም ነበር። ምን እንደገደላት አውቃለሁ። በማን እጅ እንደተሰጣትም አውቃለሁ። ሰውዬው ምን አደረገ፣ አፉ የለመደውን ነው ያለው። ዱላው ለሌላ ሰው ነበር።

እኔ ጸሐፊ አይደለሁም፤ ግንበኛ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ያውም ድንጋይ ስጠርብ ውዬ እያንቀላፋሁ። ይቺን ለመጻፍ ስንት ቀን እንደፈጀብኝ እኔና እግዜር እናውቃለን። ግን ስናገረው ሰው ራሱን ይነቀንቅና «አይ ጋሽ ታፈሰ» ብሎ ወሬ ይለውጥብኛል። ወረቀት ወሬ አይለውጥም ብዬ ነው።

ሲስተር ጽጌ ጎረቤቴ ነበረች። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ መንገዱ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲጀምር፣ የሷ የቆርቆሮ አጥርና የኔ የድንጋይ አጥር ፊት ለፊት ይተያያሉ። ዕድሜዋን ሙሉ ነርስ ነበረች። አጭር ናት፣ ቀጭን ናት፣ ድምጿ ግን ዳገቱን ወጥቶ ይመለሳል። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። ጡረታ ከወጣች በኋላ እንኳ የነርስነቷን ሰዓት ደረቷ ላይ በመርፌ ቁልፍ መሰካት አልተወችም። አላገባችም፣ አልወለደችም። ልቧን ከልጅነቷ ጀምሮ ያማታል፤ ለሱ ደም የሚያቀጥን ክኒን ትወስዳለች። ማታ ልክ አንድ ሰዓት ሲሆን ያቺን ሰዓት ታይና ትውጣለች። እንግዳ ቢኖር፣ ለቅሶ ቢሆን፣ ዝናብ ቢጥል፣ አንድ ሰዓት አንድ ሰዓት ነው።

መንገድ ላይ ካገኘችኝ ሰላምታ የላትም።

«ዛሬ ምን ዋጡ?» ትለኛለች።

«ያገኘሁትን» እላታለሁ።

እንዲህ ነበርን።

ነገሩ የጀመረው እኔ የወደቅሁ ዕለት ነው። የደም ግፊት አለብህ ብለው ጤና ጣቢያ ክኒን ሰጥተውኝ ነበር። ኮተቤ የምታስተምረው ልጄ ደግሞ «አባዬ፣ ጤና ጣቢያ ብቻ አይበቃም» ብላ የግል ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። እዚያም ሌላ ታዘዘልኝ። የጤና ጣቢያውን አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው የነሱን ይነፍጉኛል ብዬ ፈራሁ። ሁለት ሐኪም ካንድ ይሻላል ብዬ ሁለቱንም ጠዋት ጠዋት እውጣለሁ።

ሦስተኛም አለች። እኛ ሽማግሌዎች እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ከላይ ከባሕር ዛፉ ሥር ቁጭ እንላለን። እዚያ ክኒን እንደ ቆሎ ነው የምንጋበዘው። አንዱ ከኪሱ ያወጣና «በል ይቺን ቅመሳት፣ እኔን ካልጋ ያነሳችኝ እሷ ናት» ይላል። እንቢ ማለት ነውር ነው፤ የሰጠህን ሰው መናቅ ይሆናል። ሰዉ ዳይክሎ የሚላትን የጉልበት ክኒን እንደዚያ ነው የለመድኳት።

አንድ እሑድ ታዲያ ስወርድ ዓይኔ ጨለመ። ቅጠሉ ላይ ተንከባልዬ ስነቃ፣ ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ሸክማቸውን ጥለው ከበውኛል። ደግፈው ቤቴ አደረሱኝ። ሲስተር ጽጌ መጣች። እንዴት ነዎት አላለችኝም።

«መድኃኒትዎን ያምጡ።»

አንዷን ከትራስ ሥር አመጣሁ።

«ሁሉንም አልኩ እኮ!»

የቀሩትን አንዷን ከካፖርቴ ኪስ፣ አንዷን ከስኳር ጣሳ ሰብስቤ አመጣሁና በእጄ ይዤ ቆምኩ።

«ይዘርግፉት!» አለችና ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው።

ዘረገፍኩት። መነጽሯን አድርጋ አንድ ባንድ አየች።

«ይቺ የማናት?»

«የጤና ጣቢያ።»

«ይቺስ?»

«የልጄ። የውጭ ናት፣ ጥሩ ናት አሉ።»

«ጋሽ ታፈሰ፣ እነዚህ ሁለቱ አንድ መድኃኒት ናቸው።»

«እንዴት አንድ ይሆናሉ? አንዷ ነጭ፣ አንዷ ቢጫ!»

«ዛሬ ጋቢ፣ ነገ ካፖርት ለብሰው ቢመጡ ሁለት ሰው ነዎት እንዴ?»

ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው።

«ሦስተኛዋስ?»

«ጓደኛዬ ነው የሰጠኝ፣ ለጉልበት።»

«ጓደኛዎ ሐኪም ነው?»

«ግንበኛ ነው።»

«እንግዲያው ግንብ ይስጥዎት!»

ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ሁለቱ ግፊቴን ወደ ታች ይጥሉታል፤ የጉልበቷ ደግሞ ወደ ላይ ትገፋዋለች፤ መሀል ላይ የሚደቆሰው ኩላሊቴ ነው። «እያንዳንዷ ለብቻዋ መጥፎ አይደለችም» አለችኝ። «ችግሩ አብረው ሲገቡ ነው። በኛ ዕድሜ ደግሞ ሰውነት እንደ ድሮው አያጣራም።»

ያኔ ገባኝ። ድንጋይም እንደዚያ ነው። ለብቻው ስታየው ያማረ ድንጋይ፣ ከጎኑ ያለውን ሳታይ ካስቀመጥከው ግንቡን ያሳብጠዋል። ይህን ስነግራት መነጽሯን አውልቃ አየችኝና «ይሄን ሐኪሞቹ ቢሰሙት ጥሩ ነበር» አለች። ሌላ ጊዜ አመስግናኝ አታውቅም። ይሁንና እልኸኛ ነኝና ዳይክሎዋን ቆቤ ውስጥ ደብቄ ሌላ ሳምንት ዋጥኳት። ደረሰችብኝ። ምን እንዳለችኝ አልጽፈውም።

ከዚያ በኋላ አላረፈችም። የሰፈሩን ሽማግሌና አሮጊት ሁሉ ቤት ለቤት እየዞረች አዘረገፈች። አንድ ወር በእድር ስብሰባ ላይ ተነሥታ «ከስብሰባው በፊት ግማሽ ሰዓት ስጡኝ፤ ሽማግሌ የሆነ ሁሉ መድኃኒቱን ይዞ ይምጣና እዚህ አግዳሚው ላይ ይዘርግፍ» አለች።

የእድሩ ሊቀመንበር ሳቀ። «ሲስተር፣ እድር እኮ የሚቀብር እንጂ የሚያክም አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለች። «ድንኳን ስትተክሉ ወገባችሁ እንዳይቆረጥ ብዬ ነው።»

ሰዉ አጨበጨበ። ሊቀመንበሩ ግን «ይታሰብበታል» ብሎ ዘጋው። እስከ ዛሬ እየታሰበበት ነው። አሁን ለሷ ድንኳን ሲተከል ገመዱን ከፊት ሆኖ የሚጎትተው እሱ ነበር። አየሁት። እሱም እንዳየሁት አይቷል።

እሷ ምን አደረገች መሰላችሁ፣ አሮጌ የነርስ ልብሶቿን ቀዳ ከረጢት ሰፋች። ነጭ ከረጢት፣ ላዩ ላይ ስማችን በቀይ ክር። የኔ «ፈ» ጠማማ ናት፤ «እርስዎን ትመስላለች» አለችኝ። መድኃኒት ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል። ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ከረጢቱ አብሮ ይሄዳል። አፋችንን ከመክፈታችን በፊት ጠረጴዛው ላይ እንዘረግፈዋለን። ሕጉ ይኸው ነው።

ለራሷም ሰፋች። «ጽጌ» ይላል። አንድ ቀን ጠራችኝና አሳየችኝ። ውስጡ ያቺ የማታ ክኒን አለች፤ ላዩ ላይ ወረቀት ሰክታበታለች። «ደም ማቅጠኛ እወስዳለሁ። ሳያዩ ሌላ አይስጡኝ» የሚለውን በትልልቁ ጽፋዋለች። ከሥሩ አብረው የማይሄዱትን መድኃኒቶች ስም በፈረንጅ ፊደል ደርድራለች። የላይኛውን አስነበበችኝ፤ እየተንተባተብኩ አነበብኩ። የታችኛውን አላውቀውም።

«እኔ መናገር ካቃተኝ ይህን እርስዎ ይዘው ይሄዳሉ» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቄ? ዘይነባ ባለሱቋ አትሻልም? እሷ ተምራለች።»

«ማወቅ አያስፈልግዎትም። መዘርገፍ ብቻ ነው። ዘይነባ ሐኪም ከተቆጣት ታፍራለች። እርስዎ እልኸኛ ነዎት፣ ማንንም አይሰሙም፤ እኔን እንኳ ሰምተው አያውቁም። የመረጥኩዎት ለዚሁ ነው።»

ደስ አለኝ። ኮራሁ። እዚህ ላይ ፊደሉ ቢጣመም አትፍረዱብኝ።

ያለፈው ክረምት ሊወጣ ሲል ሲስተር ጽጌ ታመመች። ጠዋት በሯን ስትከፍት አላየኋትም፤ ከዘይነባ ጋር ገባን። ትኩሳቱ እንደ ምድጃ ይጋረፋል፣ ሽንቷ አስቸግሯታል፣ መገጣጠሚያዋን ያማታል፣ ትቃዣለች። እኔን «ዶክተር» ትለኛለች። ከረጢቱን ከሚስማሩ ላይ አወረድኩ። ባጃጅ ጠርተን ከአስፋልቱ ዳር ወዳለ ክሊኒክ ወሰድናት።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ነጭ ጋውን፣ ጠረጴዛው ላይ ስልክ፣ ውጭ የሰው ሰልፍ። ዓይኗን አየ፣ ሆዷን ነካ፣ ሽንቷን አስመረመረ፣ መጻፍ ጀመረ። የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ ብሎ አልጠየቀም። ከረጢቱ እጄ ላይ ነው።

«ዶክተር፣ ይቺ መድኃኒቷ ናት…» አልኩ።

«አባባ፣ አንዴ ልጨርስ፤ እርስዎ ውጭ ይጠብቁ» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ዘይነባ ክንዴን ጎነተለችኝ። «ጋሽ ታፈሰ፣ ይዘርግፉት እንጂ!»

እኔ ምን አልኳት? «ዝም በይ፣ ሐኪም እኮ ነው!» አልኳት። ከዚያ ቆቤን አወለቅሁና «እሺ ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብዬ ወጣሁ።

ዕድሜዬን ሙሉ ከመሐንዲስ ጋር ተጣልቻለሁ። ከቀበሌ ጋር ተጣልቻለሁ። ከቄሱ ጋር ተጣልቼ አስታርቀውኛል። ከሷ ጋር በየቀኑ ተጣልቻለሁ። በዚያች በተመረጥኩላት ቀን ነጭ ጋውን አየሁና ቆቤን አወለቅሁ።

መድኃኒት ቤቷ ያለችው ልጅም ማዘዣውን ተቀበለች፣ «ይሄ ጠዋትና ማታ፣ ይሄም ጠዋትና ማታ» ብላ በእስክሪብቶ ጻፈችበት፣ አቀበለችኝ። ሌላ የምትወስደው አለ ወይ ብላ እሷም አልጠየቀችም። አንዱ ትልልቅ ነጭ ክኒን ነው፣ ለሽንቷ። ሌላው ያቺው ዳይክሎ ናት። መልኳን አውቃታለሁ፤ «ለኔ ክፉ የሆነችው ለግፊቴ ነው፣ ለሷ ሐኪም አዞላታል» አልኩ ለራሴ። ሁለቱንም ከነማዘዣቸው ከረጢቷ ውስጥ ጨመርኳቸው። ከማታዋ ክኒን ጎን። ከዚያ ወረቀት ሥር።

በየተራ አስታመምናት። ቀን ቀን ዘይነባ ሾርባ ታመጣለች። መድኃኒቱን የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አላምንም ብዬ። የሷን ሰዓት ደረቴ ላይ ሰካሁ። ጠዋት ነጩንና ዳይክሎዋን፣ ማታ ነጩንና ዳይክሎዋን፣ ልክ አንድ ሰዓት ሲሆን ደግሞ የድሮዋን። አንድም ቀን አላሳለፍኩም። እንዲህ በደንብ የሠራሁት ሥራ የለም።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ቀለል አለ። ዓይኗን ገልጣ አየችኝ፤ በስሜ ጠራችኝ።

«ጋሽ ታፈሰ፣ ምንድን ነው የሚያውጡኝ?»

«ሐኪም ያዘዘልሽን ነዋ።»

«ያምጡት፣ ልየው።» እጇ መነጽሯን ፍለጋ ትራሱን ይዳብሳል።

«አሁን ተኚ። ነገ ታዪዋለሽ።»

«ይዘርግፉት» አለችኝ። ያ ዳገት የሚወጣ ድምጽ እንደ ሹክሹክታ ሆኖ።

«ኤጭ! አንቺ ስትታመሚ እንኳ አዛዥ ነሽ! ሐኪም ያዘዘውን ዋጪና ዝም በይ!» አልኳት። መቀለዴ ነበር። ተሻላት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። በማንኪያ ውኃ ይዤ አፏ ላይ አደረግኩላት። አየችኝ፣ ዋጠችው። መከራከሪያ አቅም አልነበራትም።

መነጽሯ ከአልጋው ሥር ወድቆ ነበር። ጎንበስ ብል አገኘው ነበር።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ስገባ ክንዷ ላይ ጥቁር ጥቁር አየሁ፣ የተደበደበች ይመስላል። ትራሱ ላይ የአፍንጫ ደም አለ። ራሷን ይዛ ታቃስታለች። ታክሲ አግኝተን ትልቅ ሆስፒታል እስክንደርስ መናገር አቁማለች።

እዚያ የተቀበለችን ሐኪም ጠና ያለች ሴት ናት። የመጀመሪያ ቃሏ «የምትወስደው መድኃኒት የት አለ?» ነበር። ከረጢቱን ከእጄ ነጥቃ አልጋው ጫፍ ላይ ዘረገፈችው። ወረቀቱን አነበበች። ክኒኖቹን አየች። ፊቷ ተለወጠ።

«ይህንን ከዚህ ጋር ማነው የሰጣት?»

«እኔ።»

«ማለቴ፣ ማን አዘዘው?»

«የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

ዝግ ብላ ነገረችኝ። ነጩ ክኒን የማታዋን ጉልበት ያበዛዋል፣ ደሟ ከሚገባው በላይ ይቀጥናል፤ ዳይክሎዋ ስትጨመር ደግሞ ይብሳል። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል አለችኝ። የነጩ ክኒን ስም ከሲስተር ወረቀት ላይ አንደኛ ተጽፏል። በጣቷ አሳየችኝ። አንደኛ! ከሁሉ በላይ! በማግሥቱ ጠዋት ሲስተር ጽጌ አረፈች።

ታዲያ ጊዜዋ ደርሶ ነው ትሉኛላችሁ?

ሰው «አንተ ምን ታውቃለህ፣ ያልተማርክ ሰው ነህ፣ አይፈረድብህም» ይለኛል። ይህ ነው የበለጠ የሚያናድደኝ። እሷ እንዳውቅ አልጠየቀችኝም። አንድ ከረጢት እንድገለብጥ ነው የጠየቀችኝ። ከረጢት ለመገልበጥ ትምህርት ቤት አይገባም።

ከአርባዋ ማግሥት ወደዚያ ክሊኒክ ወረድኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አለችኝ። «ንዴት» አልኳት። «ግፊት» ብላ ጻፈች። ተራዬን ጠበቅሁ። ገባሁ። ቆቤን አላወለቅሁም።

«አባባ፣ ምን ልታዘዝ?» አለ፣ ስልኩን እያየ።

ከረጢቷን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። አንዷ ክኒን ተንከባልላ ወለል ላይ ወደቀች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የሲስተር ጽጌ ነው። አንተ አታውቃትም፤ ስሟን ሳትጠይቅ ነው ያከምካት። አንብብ።»

«አባባ፣ ውጭ ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

«ይጠብቅ።»

አነበበ። የማታዋን ክኒን አነሳ፣ ነጩን አነሳ፣ የራሱን እጅ ጽሑፍ አየ። ጆሮው ቀላ።

«ይህን… ትወስድ ነበር? አልነገራችሁኝም እኮ።»

«አልጠየቅከኝም። እኔም ውጣ ስትለኝ ወጣሁ። እኩል ነን፣ አንተም እኔም። እኔ ግን ልሞት ነው፤ አንተ ገና ስንት ሽማግሌ ታያለህ።»

ከወንበሩ ብድግ አለ። ይቅርታ ሊለኝ ነበር መሰለኝ። ቢለኝም አልቀበለውም ነበር። እስከ ዛሬም አልማርኩትም፤ ራሴንም አልማርኩም፣ ማንም አይለምነኝ።

የወደቀችውን ክኒን ጎንበስ ብዬ አነሳሁ። ጉልበቴ ጮኸ። ሁሉንም ወደ ከረጢቷ መልሼ ስወጣ፣ ባለተራው በር ላይ ቆሟል። እንደኔ ያለ ሽማግሌ ነው። በአንድ እጁ ዱላ ይዟል፣ የካፖርቱ ሁለት ኪስ በመድኃኒት ካርቶን ተወጥሯል። እኔን ሲያይ መንገድ ለቀቀልኝ፣ ሐኪሙን ሲያይ ቆቡን ማውለቅ ጀመረ።

እጁን ያዝኩት።

«ቆብዎን ይተዉት» አልኩት። «ኪስዎ ያለውን መጀመሪያ ይዘርግፉት።»

ሽማግሌው እኔን አየ፣ ሐኪሙን አየ። ሐኪሙ ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አነሳና መሳቢያ ውስጥ ከተተው፣ ቦታ እንዲኖር።